ላሞቹ መድኃኒቱን ይጠጣሉ፣ የጉበት ትሉ ግን አለ

ጥገት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የወተት ላሞች አሉን። የሚግጡበት መስክ ግማሹ ደረቅ፣ ግማሹ ውሃ የሚያቁር ነው። በየዓመቱ ለጉበት ትል መድኃኒት እናጠጣለን። ሁሉንም ላም፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት። ለጥቂት ጊዜ ደህና ይሆናሉ። ከዚያ ወተቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ጸጉራቸው ይንጨባረራል፣ አንዳንዷም ከመንጋጋዋ ሥር ውሃ ትቋጥራለች። አርጅታ የታረደች ላም ጉበቷን አይቻለሁ። የሐሞት ቱቦው ደንድኖ ቢላ ሲያርፍበት ይንኮሻኮሻል፤ ሲከፈት ደግሞ ጠፍጣፋው ትል ተጣጥፎ ይወጣል።

መድኃኒቱ ነው የማይሠራው ወይስ እኛ ነን አሰጣጡን ያላወቅንበት? ምርምሩስ «በዓመት ሁለቴ አጠጡ» ከሚለው የዘለለ ምን አመጣ? እባካችሁ «መድኃኒት ቀይሪ» ብቻ እንዳትሉኝ። እሱንማ ሻጩም ይለኛል።

መስክ_ሐኪም

እህቴ፣ ጥሩ ጠይቀሻል። መጀመሪያ ስለ ትሉ ዕድሜ እናውራ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ላሟ ሣር ላይ የተለጠፈውን እጭ ከሣሩ ጋር ትበላለች። እጩ አንጀቷ ውስጥ ሽፋኑን ይጥላል፣ አንጀቱን በስቶ ይወጣል፣ ጉበት ውስጥ ይገባል። እዚያም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጉበቱን እየቦረቦረ ይዞራል። መጨረሻ ላይ የሐሞት ቱቦ ውስጥ ገብቶ አዋቂ ይሆናል። እንቁላሉ በእበት መውጣት የሚጀምረው ከተበላ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ነው። ይህ የፋሲዮላ ሄፓቲካ ሂሳብ ነው። በሞቃት አካባቢ የሚበዛው ግዙፉ ዘመዱ፣ ፋሲዮላ ጃይጋንቲካ፣ ከዚህም ይዘገያል።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ። አልቤንዳዞልና ኦክሲክሎዛናይድ የሚገድሉት በዋናነት አዋቂውን ነው። ክሎሳንቴልና ናይትሮክሲኒል ከ7 ወይም 8 ሳምንት በላይ የሆነውንም ይደርሱበታል። ትሪክላቤንዳዞል ብቻ ነው ገና የ2 ሳምንት ገደማ የሆነውን ሕፃን ትል ጭምር የሚገድል።

ስለዚህ ላምሽ ዛሬ አልቤንዳዞል ጠጣች እንበል። ሐሞት ቱቦ ውስጥ ያሉት ይሞታሉ። ጉበቷን የሚቦረቡሩት ግን ንክች አይሉም። ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ እነሱ ያድጉና ቦታውን ይይዛሉ። አንቺም «መድኃኒቱ አልሠራም» ትያለሽ። ሠርቷል እኮ፤ አቅሙ የሚፈቅደውን ያህል ነው የሠራው።

ስንዝሮ

ታዲያ ትንሹንም ትልቁንም የሚገድለውን ሰጥቶ መገላገል አይሻልም? ምን ያስጨንቃል?

መስክ_ሐኪም

@ስንዝሮ ሁለት ነገር ያስጨንቃል።

አንደኛ፣ ወተት። ትሪክላቤንዳዞል ወተቷ ለሰው በሚሄድ ላም ላይ በምትታለብበት ጊዜ በብዙ አገሮች አይፈቀድም። በንጥፈት ጊዜ (ላሟ መታለብ ባቆመችበት) የሚፈቅዱትም ከወሊድ በፊት ስንት ቀን መቅረት እንዳለበት ይወስናሉ። የሥጋ ከብት ያለው ሰው በፈለገው ወር ይሰጣል። የወተት ላም ያለው ሰው ግን ጠባብ በር ነው ያለው፦ ላሟ የነጠፈችበት ጊዜ። ችግሩ ትሉ የላሞችሽን የንጥፈት ወር ጠብቆ አይመጣም።

ሁለተኛ፣ መላመድ። ትሪክላቤንዳዞል ገበያ የገባው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1995 አውስትራሊያ ውስጥ መድኃኒቱን የተላመደ የጉበት ትል በበጎች ላይ መገኘቱ ተዘገበ። ከዚያ ኔዘርላንድስ፣ አየርላንድ፣ ብሪታንያ፣ ደቡብ አሜሪካ እያለ ሄደ። የሚያሳዝነው ደግሞ ሕፃኑን ትል በደንብ የሚገድል ሌላ መድኃኒት እስካሁን አለመኖሩ ነው። እሱን በከንቱ ካባከንነው የምንዞርበት የለም።

ዝቃጭ

ስሜን አትሳቁበት፣ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የማየው እሱኑ ነው።

ጥገት፣ እኔ ከመድኃኒቱ በፊት ያለውን ልጠይቅሽ። ላሞቹ ውስጥ ያለው የጉበት ትል መሆኑን በምን አወቅሽ? የታረደችው ላም ጥሩ ማስረጃ ናት፣ ግን ስለ እሷ ብቻ ነው የምትናገረው። ሌሎቹስ?

የእበት ምርመራው ብዙ ዕቃ አይፈልግም። ጥቂት ግራም እበት በውሃ ይበጠበጣል። በማጥለያ ይጣራል። ሦስት ደቂቃ ያህል እንዲዘቅጥ ይተዋል። የላዩ ውሃ ቀስ ተብሎ ይደፋል፣ ንጹሕ ውሃ ይጨመራል፣ እንደገና ይዘቅጣል። ውሃው እስኪጠራ ድረስ እንዲህ ነው። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ ከሥር ይቀራል፤ እንደ ሌሎች የሆድ ትሎች በጨው ውሃ እናንሳፍፈው ብትይ አይሆንም። በመጨረሻ ዝቃጩ ላይ ጠብታ ሜቲሊን ሰማያዊ ይጨመራል። የሣሩ ብጥስጣሽ ሁሉ ሰማያዊ ይለብሳል። እንቁላሉ ቀለሙን አይቀበልም፤ በሰማያዊው መሃል ወርቅማ ቢጫ ሆኖ፣ በአንድ ጫፉ ክዳን ደፍቶ ቁጭ ይላል። አንዴ ካየሽው አይጠፋሽም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልበል። የጨጓራ ትልም አለ፤ ፓራምፊስቶም የሚባለው። የእሱም እንቁላል ክዳን አለው፣ ግን ቀለም አልባ ግራጫ ነው፣ መጠኑም ተለቅ ይላል። «የትል እንቁላል ተገኝቷል» ብቻ የሚል ወረቀት ይዘሽ ከወጣሽ ተመለሺና «የትኛው?» በይ። ለጨጓራ ትል የሚሠራው ሌላ ነው። ትሪክላቤንዳዞል አይነካውም።

የእበት ምርመራ ድክመትም አለው። ከከብት እበት ጋር የሚወጣው የትሉ እንቁላል ጥቂት ነው፣ ያውም ወጣ ገባ እያለ። እንቁላል ከሌለ ትል የለም ማለት አይደለም።

ጥገት

@ዝቃጭ የወተት ማጠራቀሚያውን ታንክ መመርመር ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። አንድ ናሙና ለሁሉም ላም። እውነት ነው?

ዝቃጭ

እውነት ነው። ኤላይዛ ይባላል፤ ወተቱ ውስጥ ላሞቹ ለትሉ የሠሩትን ፀረ እንግዳ አካል ይለካል። በርካሽ፣ ላም ሳይያዝ፣ ስለ መንጋው ጠቅላላ ሁኔታ ይነግርሻል። በየወቅቱ እየለካሽ ስትመዘግቢ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ታያለሽ።

ግን እንከን የለሽ አይደለም። ትሉ ከሞተ በኋላም ፀረ እንግዳ አካሉ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር «አሁን ትል አለ» ወይም «ቅርብ ጊዜ ነበረ» ማለት ነው። ደግሞ ታንኩ ውስጥ የሚገባው የምትታለበው ላም ወተት ነው። የነጠፉትና ጊደሮቹ እዚያ የሉም። ጥቂት ላሞች ብቻ ቢያዙም ወተቱ ተቀላቅሎ ስለሚቀጥን ላይያዝ ይችላል።

«አሁን በሕይወት ያለ ትል አለ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ከእሱ የሚሻለው ኮፕሮአንቲጅን የሚባለው ምርመራ ነው። እበት ውስጥ ትሉ ራሱ የሚያወጣውን ፕሮቲን ይፈልጋል። የሚገኘው በሕይወት ካለ ትል ነው። እንቁላል ከመታየቱ ሳምንታት ቀደም ብሎም ሊያሳይ ይችላል። መድኃኒቱ ከሠራ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይጠፋል።

አበበ_ወተት

እኔ የምለው፣ ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን? ላሟ ስትከሳ ይታያል እኮ። ባየነው እናክም።

መስክ_ሐኪም

@አበበ_ወተት ወንድሜ፣ የወተት ላም ላይ እሱ ነው የሚያከስረው። በግ በአጣዳፊው የበሽታው ዓይነት ትሞታለች፣ ላም ግን በአብዛኛው ችላ ትቆማለች። ወተቷን ብቻ እየቀነሰች። በ2007 የወጣ የቤልጅየም ጥናት የፍላንደርዝ የወተት መንጋዎችን በታንክ ወተት መርምሮ ነበር። የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን ከዝቅተኛው ሩብ ወደ ከፍተኛው ሩብ ከፍ ሲል ወተት በአንድ ላም በቀን 0.7 ኪሎ ያህል ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። ቅባቱም ቀንሷል፣ በሁለት ወሊድ መካከል ያለው ጊዜም ረዝሟል። 0.7 ኪሎ በዓይን አይታይም። አንድ ጠዋት ላይ ማንም «ዛሬ ወተት ጎደለ» አይልም። በዓመትና በላሞቹ ቁጥር አባዛው።

ሌላም አለ። የጉበት ትል የላሟን የመከላከል ሥርዓት አቅጣጫ ያዛባል። በ2012 ከእንግሊዝና ዌልስ በወጣ ጥናት፣ የጉበት ትል ያለባቸው ላሞች የሳንባ ነቀርሳ የቆዳ ምርመራ ላይ ምላሻቸው ስለሚዳከም፣ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የነቀርሳ ተጠቂ ሳይታወቅ ሊያልፍ እንደሚችል ተገምቷል። ነቀርሳ በወተት ወደ ሰው የሚመጣ በሽታ ነው። ነገሩ ከጉበት አልፏል።

ስንዝሮ

ይሄን አላውቅም ነበር። ቆይ፣ ነቀርሳ ነፃ ተብላ የተገዛች ላም ማለት…

መስክ_ሐኪም

አትደንግጥ፣ ምርመራው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ውጤቱን ስታነብ የጉበት ትሉን ታሪክም አብረህ አስብ ለማለት ነው።

ቀንድ_አውጣ

ሁላችሁም ላሟ ውስጥ ገብታችሁ ቀራችሁ። እኔ የማጠናው ውጭ ያለውን ግማሽ ነው።

እንቁላሉ በእበት ወጥቶ እርጥበት ካላገኘ ያበቃል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ደግሞ እድገቱ ይቆማል። ከእንቁላሉ የምትፈለፈለው፣ ጥቃቅን ፀጉር ለብሳ የምትዋኝ እጭ አንድ ቀን ገደማ ነው ዕድሜዋ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትክክለኛውን ቀንድ አውጣ ካላገኘች ታልቃለች። ካገኘች ግን ጉድ ነው። ከአንዷ ብቻ በቀንድ አውጣው ውስጥ ተራብተው ከ600 በላይ እጮች ሊወጡ ይችላሉ። ይህ ቢያንስ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ይወስዳል፤ ሲቀዘቅዝ ወራት። ስለዚህ ዛሬ የምታዪው በሽታ ከወራት በፊት የነበረ ዝናብ ውጤት ነው።

ቀንድ አውጣዋ ራሷ ትንሽ ናት። የፋሲዮላ ሄፓቲካ ዋና አስተናጋጅ (ትሉ ውስጧ የሚያድግባት) ጋልባ ትሩንካቱላ ትባላለች፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ብትሞላ ነው። ቡናማ ናት፣ ጭቃ ላይ ጭቃ ትመስላለች። ሹል ጫፏን ወደ ላይ፣ አፏን ወደ አንቺ አድርገሽ ያዣት። ክፍቱ በቀኝ በኩል ከሆነ ተጠርጣሪ ናት። በግራ ከሆነ ሌላ ናት፣ ተያት። ያገኘኋቸው አብዛኞቹ ሰዎች የሚፈልጓት ኩሬው መሃል ነው። እሷ ግን ያለችው ዳር ላይ፣ ሣር ተመልጦ እርጥብ ጭቃ የተገለጠበት ነው። የላም ኮቴ የተወው ጉድጓድ፣ የትራክተር ጎማ መንገድ፣ የሚያፈስ የውሃ ገንዳ ሥር። ብዙ ጊዜ መንጋውን የሚበክለው ትልቁ ረግረግ ሳይሆን ያ የሚያፈስ ገንዳ ነው። ቧንቧ መጠገን ከመድኃኒት ሁሉ ይረክሳል።

ትንበያም አዲስ አይደለም። በ1959 ኦለረንሾውና ሮላንድስ የተባሉ ተመራማሪዎች ዌልስ ውስጥ ከዝናብ ቀን ብዛት፣ ከዝናብ መጠንና ከመሬት ከሚተነው ውሃ ተነስተው የዓመቱን የበሽታ ክብደት የሚገምት ቀመር አውጥተዋል። ዛሬም ድረስ ብዙ ትንበያዎች የተመሠረቱት እሱ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ከውሃ ናሙና ውስጥ የቀንድ አውጣውንም የትሉንም ዲኤንኤ የሚፈልግ ዘዴ እየተሞከረ ነው። ቀንድ አውጣ ለቀማ ጎንበስ ብሎ መዋል ቀረ ማለት ነው፣ ለወገቤ ደስ ብሎኛል።

ሣር_ብቻ

ቀንድ አውጣዋን በመርዝ መጨረስ አይሻልም? እንዶድስ? ዶክተር አክሊሉ ለማ ያገኙት እኮ ነው።

ቀንድ_አውጣ

እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ በ1964 ያስተዋሉት ነው። ትልቅ ግኝት ነው፣ ያነጣጠረውም የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ነበር። ያቺ ውሃ ውስጥ ትኖራለች፣ ውሃውን ስትነኪው እሷንም ነካሻት። የእኛዋ ግን ጭቃ ላይ ናት። ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ገብታ ወራት ትተኛለች። በዚያ ላይ አንዷ ብቻዋን መራባት ትችላለች፣ ወንድ አያስፈልጋትም። ጥቂት ከተረፉ መስኩን መልሰው ይሞሉታል። እንዶድም ሆነ የመዳብ ሰልፌት ዓሣም ይገድላል። መዳቡ በጎችንም ይመርዛል። እኔ አልመክርም።

ሣር_ብቻ

እሺ፣ ረግረጉን እጠሩ ልትሉን ነው እንግዲህ። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። በድርቅ ወር አረንጓዴ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ላሟን ከዚያ ከልክዬ ምን ላብላት? ጥናት የሚሠሩ ሰዎች ይሄን ጥያቄ ሲያልፉት ደጋግሜ አይቻለሁ።

ቀንድ_አውጣ

@ሣር_ብቻ እውነትህን ነው፣ አልከራከርህም። «አጥሩ» የሚለው ምክር ሌላ ግጦሽ ላለው ሰው ነው። ለሌለው የሚሻለው ማን መቼ ይገባበታል የሚለው ነው። ጊደሮችን አታስገባ፤ ዕድሜ ልካቸውን ጉበታቸው ተጎድቶ ወተት ሊሰጡህ ነው። የነጠፉትን ላሞች አስገባ፣ ከዚያ ስታወጣቸው ታክማለህ። ሣሩን አጭዶ መስጠትም አማራጭ ነው፣ ግን ከረግረግ የታጨደ ትኩስ ሣር እጩን ይዞ ነው የሚመጣው። ድርቆሽም በደንብ ካልደረቀ እጩ ለወራት ይቆይበታል። በደንብ ታሽጎ የተብላላ እርጥብ መኖ (ሳይሌጅ) ግን አብዛኛውን ይገድላል።

መስክ_ሐኪም

በዚህ እስማማለሁ። አንድ ልጨምር፦ የጊደሮቹ ደም። ረግረግ መስክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡ ጊደሮች ቀድሞ ትሉን አያውቁም። ጥቂቶቹን በየወሩ ደም ብትመረምሪ፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚታይበት ወር መስኩ መቼ እንደተበከለ ይነግርሻል። ከተያዙ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው የሚታየው። አሁን ካሉት ዘዴዎች እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው፤ የሕክምናው ቀን ከግምት ይወጣል።

አበበ_ወተት

ክትባቱስ? ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ ለአንድ ጠፍጣፋ ትል ክትባት ማጣት!

ዝቃጭ

በገበያ ላይ የለም። እየተሞከሩ ያሉት ትሉ ራሱ የሚጠቀምባቸው ኢንዛይሞች ናቸው፤ ካቴፕሲን ኤል፣ ሉሲን አሚኖፔፕቲዴዝ የመሳሰሉት። በአንዱ ሙከራ ተስፋ ይሰጣል፣ ሲደገም ደግሞ ውጤቱ ይለያል። ትሉ የላሟን የመከላከል ሥርዓት ማደንዘዝ የተካነ ነው። የላሟ ሰውነት ራሱ ደጋግሞ ተይዞም አስተማማኝ መከላከያ አያበጅም፤ ክትባቱ ደግሞ ተፈጥሮ ያልቻለውን ነው እንዲሠራ የሚጠበቅበት።

በመላመዱ በኩል ግን ነገሩ ተንቀሳቅሷል። የትሉ የዘር ካርታ በ2015 ታተመ። በ2023 ደግሞ የሊቨርፑል ተመራማሪዎች ትሪክላቤንዳዞልን የመላመድ ባሕርይ 30 ገደማ ጂኖች ካሉበት አንድ አካባቢ ጋር አያያዙት። ባሕርይው ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይገለጣል፤ ለዚህ ነው ቶሎ የሚስፋፋው። ይህ ነገ ጥቂት ትል ወስዶ «ይህ መንጋ መድኃኒቱን ተላምዷል» የሚል ምርመራ ሊወልድ ይችላል። ዛሬ ግን እጃችን ላይ የለም።

ጥገት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የገባኝን ልጻፈውና አርሙኝ። መጀመሪያ ገንዳውን አስጠግናለሁ (ያፈሳል!)። የታንክ ወተት አስመረምራለሁ። እያንዳንዷን ላም ስትነጥፍ ብቻ፣ በተናጠል አክማለሁ እንጂ ሁሉንም በአንድ ቀን አይሆንም። ጊደሮቹ ረግረጉ ጋ አይደርሱም። ካከምኩ በኋላ እበት አስመረምራለሁ።

መስክ_ሐኪም

ጥሩ ነው። ሁለት እርማት ብቻ። ስታክሚ ክብደቷን በግምት አይሁን፤ ሚዛን ከሌለሽ የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር ተጠቀሚ። ማሳነስ መላመድን ያፋጥናል፣ ማብዛትም አደጋ አለው፤ ክሎሳንቴል ከመጠን ሲያልፍ ዓይን ያጠፋል። አልቤንዳዞል ደግሞ ለእርጉዝ በመጀመሪያው ወር አይሰጥም። ሁለተኛ፣ ከውጭ የምትገዢያትን ላም መርምረሽ አክመሽ፣ ደረቅ ቦታ ለይተሽ አቆያት። የተላመደ ትል ወደ ግቢ የሚገባው በአብዛኛው በእግሩ ነው፤ በአራት እግር።

ጥገት

@ዝቃጭ ከታከሙ ከስንት ቀን በኋላ ነው እበቱ የሚወሰደው?

ዝቃጭ

በምታጠጪበት ቀን አንድ ጊዜ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከእነዚያው ላሞች። ከዚያ ብታስቸኩይ ሐሞት ከረጢት ውስጥ የቀረ አሮጌ እንቁላል ይወጣና መድኃኒቱ ያልሠራ ይመስልሻል። ብታዘገይው ደግሞ ጉበት ውስጥ የነበሩት ያድጉና ያው ነው። አሥር ላሞች ካገኘሽ ጥሩ ነው። ከመሬት አታንሺ፣ ጓንት አድርገሽ ከላሟ ውሰጂ። ዕቃው ላይ የላሟን ቁጥርና የጠጣችውን መድኃኒት ስም ጻፊበት። ስም የሌለው እበት ይዞ መጥቶ «የቀይዋ ነው መሰለኝ» የሚለኝ ሰው አላጣም።